ቤት ሲፈልጉ በድረ ገጽ የሚያነጋግርዎት ማን ነው?

ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ነው። ከማታ ሥራ የተመለሰ ወገናችን ልጆቹ እንዳይነቁበት መብራት ሳያበራ ይቀመጣል። የሚከራዩት አፓርትመንት ጠቧቸዋል። በስልኩ የሚሸጡ ቤቶችን ሲያይ በገጹ ጥግ ትንሽ ሳጥን ብቅ ትልና «ምን ልርዳዎት?» ትለዋለች። በዚህ ሰዓት የሚሠራ ደላላ አለ እንዴ?

«ላይቭ ቻት» የሚባለው ይህ አገልግሎት ለእኛ ለስደተኞች ልዩ ጥቅም አለው። በስልክ ፈጣን እንግሊዝኛ ሲወርድብን ያልገባንን ሁሉ «የስ፣ የስ» እያልን እናልፋለን። ጽሑፍ ግን አያቻኩልም። ደግመን እናነበዋለን፤ ያልገባንን ለሚያውቅ እናሳያለን፤ ለማስረጃም እናስቀምጠዋለን።

ነገር ግን ከሳጥኗ ጀርባ ያለው ሁልጊዜ የቤት ሽያጭ ወኪል አይደለም። ኮምፒዩተሩ ራሱ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ስምና ስልክ እንዲመዘግብ ብቻ የተቀጠረ ሠራተኛ። ብዙ ድረ ገጾች የጠያቂውን ስልክ ገንዘብ ለሚከፍሉ ወኪሎች ያስተላልፋሉ። ስለዚህ ስልክዎን ከመስጠትዎ በፊት «ሰው ነዎት? የወኪልነት ፈቃድ አለዎት?» ብለው ይጠይቁ። ቤቱ አለመሸጡን፣ የዓመት ግብሩንና ለነዋሪዎች ማኅበር የሚከፈለውን ወርኃዊ መዋጮ መጠየቅም ተገቢ ነው።

አንዳንዱ ጥያቄ ግን መልስ አያገኝም። «ሐበሾች የሚበዙበት ሰፈር የትኛው ነው?» ቢሉ ጠንቃቃ ወኪል ይሸሽዎታል። ንቀት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው የፍትሐዊ መኖሪያ ቤት ሕግ ገዢን በዘር፣ በሃይማኖት ወይም በትውልድ አገር እየለዩ ወደ አንድ ሰፈር መምራትን ስለሚከለክል ነው። ቤተ ክርስቲያንዎ ወይም መስጊድዎ የት እንዳለ ራሱ የሚያውቅ ሰው አድራሻውን ሰጥቶ «ከዚህ በ15 ደቂቃ ርቀት ፈልጉልኝ» ቢል ግን ይስተናገዳል።

ቻት ማድረግ ብቻውን ውል አያስገባም። ይሁንና ከኦገስት 17 ቀን 2024 ወዲህ፣ በአብዛኛው የአሜሪካ ክፍል፣ ወኪል ቤት ከማሳየቱ በፊት ገዢው የጽሑፍ ስምምነት እንዲፈርም ይጠየቃል። በዚህ ስምምነት የወኪሉ ክፍያ በግልጽ መጻፍ አለበት፤ መጠኑም በድርድር የሚወሰን እንጂ በሕግ የተቆረጠ አይደለም። ሳያነቡ አይፈርሙ።

ከሁሉ የከፋው አደጋ የገንዘብ ነው። አጭበርባሪዎች ልክ መዝጊያው ቀን ሲቃረብ «የባንክ ሒሳባችን ተቀይሯል፤ ገንዘቡን ወደዚህ ይላኩ» ብለው ይጽፋሉ። የስንት ዓመት ቁጠባ በአንድ ሰዓት ይጠፋል። የባንክ ቁጥር በቻት ወይም በኢሜይል ቢደርስዎ፣ መጀመሪያ በተሰጠዎት ስልክ ደውለው በድምፅ ሳያረጋግጡ ሳንቲም አይላኩ። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርዎንም በቻት አይጻፉ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ የተላከ ገንዘብ ግን ብዙ ጊዜ አይለቀምም።

በዚህ ሥራ ለተሰማራችሁ ወገኖቻችንም አንድ ቃል አለን። በሌሊት የሚመልሰው ማሽን ከሆነ በግልጽ ንገሩ። «ጧት እደውላለሁ» ካላችሁም ደውሉ። ያ በጨለማ የተቀመጠው አባት የሚጠብቀው ውብ ሳጥን ሳይሆን የታመነ ሰው ነው።