ሕግ አውጪ ምክር ቤት ፕሬዚዳንትን ስለሚቈጣጠርበትና ስለሚሽርበት ሥልጣን

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው በአሜሪካ ሕግ አውጪው ክፍል ፕሬዚዳንቱን በምን መንገድ ሊገታውና ሊሽረው እንደሚችል ነው። ለማስረጃ የያዝነው የአንድሪው ጆንሰንን ነገር ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ነገሩን ለሁለት ከፍሎታል። ከሳሹ የእንደራሴዎች ምክር ቤት ሲሆን ለመክሰስ የድምፅ ብልጫ ይበቃዋል። ፈራጁ ሴኔት ነው፤ ለመሻር ግን ከተገኙት አባሎች ከሦስት ሁለት እጅ መስማማት አለበት። ክሱም በአገር ክህደት፥ በጉቦ ወይም በሌላ ከባድ ወንጀልና ጥፋት መሆን ይገባዋል። ስለዚህ በእንግሊዝ አገር ፓርላማው እምነት ያጣበትን ጠቅላይ ሚኒስትር በአንድ ድምፅ ብልጫ እንደሚያወርደው ያለ አይደለም።

ሊንከን በ1865 በተገደለ ጊዜ ምክትሉ ጆንሰን ተተካ። አራት ሚሊዮን የሚያህሉ ባሮች ነጻ ወጥተው ነበርና ትልቁ ጥያቄ የእነርሱ መብት ነበር። ጆንሰን በ1866 ዜግነታቸውን የሚያረጋግጠውን ሕግ አልፈርምም ብሎ መለሰው፤ ሁለቱ ምክር ቤቶች ግን ከሦስት ሁለት እጅ በሆነ ድምፅ ያለ ፊርማው አጸደቁት። እንደዚህ እየሆነ ከመለሳቸው ሕጎች 15ቱ እርሱ ሳይወድ ጸደቁ፤ ይህን ያህል ጊዜ የተረታ ሌላ ፕሬዚዳንት የለም። በ1867 ደግሞ ለሠራዊቱ የሚሰጠው ትእዛዝ በጄኔራል ግራንት በኩል እንዲያልፍ ተደነገገ፤ ሴኔት የተስማማባቸውንም ሹማምንት ያለ ሴኔት ፈቃድ እንዳይሽር ተከለከለ።

ጠቡ የፈነዳው በዚህ በመጨረሻው ሕግ ነው። ጆንሰን በፌብሩዋሪ 21 ቀን 1868 የጦር ሚኒስትሩን ኤድዊን ስታንተንን ሻረ፤ ከሦስት ቀን በኋላ የእንደራሴዎች ምክር ቤት በ126 ድምፅ ለ47 ከሰሰው።

እንደ እኛ አስተያየት የከሳሾቹ ድካም እዚህ ላይ ነው። እውነተኛው ቅሬታቸው ፕሬዚዳንቱ ነጻ የወጡትን ሰዎች ለቀድሞ ጌቶቻቸው አሳልፎ መስጠቱ ነበር፤ ከ11ዱ የክስ አንቀጾች የሚበዙት ግን የሚናገሩት ስለ ስታንተን መሻር ነው። ለዚህም ጠበቆቹ መልስ አላጡም። ሕጉ ሚኒስትርን የሚጠብቀው የሾመው ፕሬዚዳንት በሚገዛበት ዘመንና ከዚያ በኋላ ለአንድ ወር ብቻ ነው፤ ስታንተንን የሾመው ደግሞ ሊንከን ነው አሉ። ሌላም የሚያሳፍር ነገር ነበር፤ ምክትል ፕሬዚዳንት ስላልነበረ ጆንሰን ቢሻር ቦታውን የሚይዘው የሴኔቱ ጊዜያዊ ፕሬዚዳንት ቤንጃሚን ዌድ ነው። እርሱም ከፈራጆቹ አንዱ ሆኖ ጥፋተኛ ነው ሲል ድምፁን ሰጠ።

በሜይ 16 እና 26 በተሰጠው ድምፅ 35ቱ ጥፋተኛ ነው፥ 19ኙ አይደለም አሉ። የሚያስፈልገው 36 ነበር። ከሪፑብሊካኖቹ ሰባቱ ከፓርቲያቸው ተለይተው ነበር።

የተጣሉበት ሕግ በ1887 ተሻረ፤ በ1926 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እንዲህ ያለው ሕግ ከመጀመሪያው የማይጸና ነበር ሲል ፈረደ። ቢሆንም ጆንሰን በነጻ መለቀቁ ሥልጣኑን አልመለሰለትም። የተቃወመው 14ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ እርሱ ገና በመንበሩ ሳለ በጁላይ 1868 ጸደቀ። እርሱን ለመሻር ያልተገኘው ከሦስት ሁለት እጅ ድምፅ አስቀድሞ በሕግ አስሮት ነበር።

ከዚያ ወዲህም ሴኔት የሻረው ፕሬዚዳንት የለም። ኒክሰን በ1974 የእንደራሴዎቹ ምክር ቤት ድምፅ ሳይሰጥበት በፈቃዱ ለቀቀ፤ ክሊንተን በ1999፥ ትራምፕም በ2020ና በ2021 ተከሰው በሴኔት ፊት በነጻ ተለቀዋል።