ከሁለት እርምጃ ርቀት የተነገረ መርዶ

የኮሮና ጊዜ ሲነሣ እናንተ ልጆች ትዝ የሚላችሁ ምናልባት የፊት ጭንብሉ፣ በኮምፒዩተር የተከታተላችሁት ትምህርትና ጓደኞቻችሁ ሳይመጡ ያለፈው ልደታችሁ ይሆናል። እኔ ትዝ የሚለኝ አንድ ማለዳ ነው። ጊዜው እ.ኤ.አ. 2020፣ የኤፕሪል ወር መጨረሻ ነበር። በዚያ ማለዳ ጎረቤቴን አስቀየምኳት። ጥፋቴ ምን እንደ ነበር የገባኝ ግን ከብዙ ቀን በኋላ ነው። ዛሬ ታሪኩን የማጫውታችሁ፣ ከሰው ራቅ ብለን መቆም ሲኖርብን በአማርኛ ምን ማለት እንዳለብን ስላስተማረኝ ነው።

መሳሳም የለመደ ቤት

የምንኖረው በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ነው። እንደምታውቁት የእኛ ሰላምታ በእጅና በጉንጭ ነው። ጉንጭ ለጉንጭ ሦስት ጊዜ፣ አንዳንዴም አራት ጊዜ እንሳሳማለን። ወንዶች ተጨባብጠው ትከሻ ለትከሻ ይነካካሉ። ልጆች የአያታቸውን ጉልበት ይስማሉ። ምግብ ሲቀርብ በአንድ ትሪ ዙሪያ ተቀምጠን የምንወደውን ሰው እናጎርሳለን። ሐኪሞች “አትነካኩ፣ አትቀራረቡ” ሲሉን የተከለከልነው ይህን ሁሉ ነበር።

ነገሩ በፍጥነት ነው የመጣው። የዓለም ጤና ድርጅት ማርች 11 ቀን ኮሮና ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ መሆኑን ተናገረ። ከሁለት ቀን በኋላ በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ታማሚ ተገኘ። ማርች 30 የሜሪላንድ ገዥ ሕዝቡ ያለ በቂ ምክንያት ከቤት እንዳይወጣ አዘዙ። ኤፕሪል 8 ደግሞ ኢትዮጵያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀች። በአዋጁ መጨባበጥ ተከለከለ፤ ከአራት ሰው በላይ ሆኖ መሰብሰብም ተከለከለ። በአገሬ እጅ መጨባበጥ በሕግ ይከለከላል ብዬ በሕልሜም አስቤ አላውቅም ነበር።

እዚህ አሜሪካ “ስድስት ጫማ ተራራቁ” ይሉን ነበር፤ ሁለት ሜትር ገደማ ማለት ነው። በኢትዮጵያ ግን “ሁለት የአዋቂ እርምጃ” ይባል ነበር። ይህን አባባል ወደድኩት። መለኪያ አያስፈልገውም፤ ሁለት ጊዜ መራመድ ይበቃል።

እኔ የሱፐርማርኬት ገንዘብ ተቀባይ ነኝ። ሌላው ሰው ቤቱ ሲቀመጥ እኛ ሥራ አላቋረጥንም። አብራን የምትኖረው እናቴ ደግሞ ስኳር በሽታ አለባት። ስለዚህ ለእሷ የላይኛውን ክፍል ለቀቅንላት፤ ምግቧን በሯ ላይ እናስቀምጥላት ነበር።

በመጀመሪያው ቀን እናቴ ነገሩን ረሳችው። ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ የነበረችውን ልጄን ስታይ እንደ ልማዷ እጇን ዘርግታ መጣች። ልጄ ወደ ኋላ ሸሸችና “አትንኪኝ!” ብላ ጮኸች።

እናቴ ምንም አልተናገረችም። ወደ ክፍሏ ተመለሰች፤ ያን ቀን ምሳዋንም አልበላችም። ልጄ ያደረገችው ነገር ትክክል ነበር፤ የተናገረችበት መንገድ ግን ልክ አልነበረም። “አትንኪኝ” የጠብ ቃል ነው። ለአያት ቀርቶ ለእኩያም ይከብዳል። ማታ ቁጭ ብለን ሌላ አባባል ተለማመድን፦ “እማማ፣ ለእርስዎ ብዬ ነው። ከዚህ ሆኜ ሰላም ልበልዎ።” በማግስቱ ልጄ ደረጃው ሥር ቆማ፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ዝቅ ብላ ይህንኑ አለች። እናቴ ከላይ ሆና “እደጊልኝ፣ የኔ ልጅ” ብላ መረቀቻት።

እኔም ልጄን ሥርዓት አስተማርኩ ብዬ ኮራሁ። ብዙም ሳይቆይ ለልጄ ያስተማርኩትን እኔው ረሳሁት።

መርዶው

በዚያ ዓመት ፋሲካ ኤፕሪል 19 ቀን ነበር የዋለው። በዓሉ ካለፈ ከጥቂት ቀናት በኋላ የዕድራችን ሰብሳቢ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሽማግሌ፣ ማታ ደወሉልኝ። ደሴ የሚኖሩት የጎረቤቴ እናት በእርጅና ማረፋቸውን ነገሩኝ። ወንድሟ “እባካችሁ አርዱልኝ” ብሏቸዋል።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። መርዶ የሞት ዜና ነው፤ ዜናውን መንገር ደግሞ ማርዳት ይባላል። በባህላችን መርዶ በስልክ አይነገርም። የቅርብ ሰዎች ተሰብስበው በማለዳ፣ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ ይሄዳሉ። የሚናገሩት ሽማግሌ ናቸው። ሌሎቹ ከግራና ከቀኝ ይቀመጣሉ፤ ሐዘንተኛው ራሱን እንዳይጎዳ ይይዙታል፣ አቅፈውት አብረው ያለቅሳሉ። መርዶ ነጋሪ አፍ ብቻ ሳይሆን እጅም ያስፈልገዋል።

ጎረቤቴ ብቻዋን ነው የምትኖረው። አስም አለባት። ሽማግሌው ብዙ አሰቡ። “ካልነገርናት ነገ በፌስቡክ ታየዋለች” አሉ። በመጨረሻ አራት ሆነን እንድንሄድ፣ ጭንብል እንድናደርግ፣ ቤት ሳንገባ ከበረንዳው በታች ባለው ሣር ላይ እንድንቆም ተስማማን። የሚታጠፍ ወንበርና ውኃ ያዝን። ስትወድቅ ማን ይይዛታል የሚለውን ግን ማናችንም አላነሣንም።

በማለዳ፣ በአሜሪካ አቆጣጠር ስድስት ሰዓት ላይ በሯን አንኳኳንና ወደ ኋላ ተመለስን። ጋቢ ደርባ ወጣች። አራት ሰው በነጠላና በጭንብል ተራርቆ ቆሞ አየች። ማንም ገና አፉን አልከፈተም።

“እማዬ ናት?” አለች።

ሽማግሌው “እናትሽ አርፈዋል፣ ልጄ። እግዚአብሔር ያጽናሽ” አሉ።

ጮኸች። ጉልበቷ ሲከዳት አየሁ። ወደ እሷ ሁለት እርምጃ ተራመድኩ፤ ከዚያ ቆምኩ። ዓይኗ ዓይኔ ላይ ነበር። እጇን ወደ እኔ ዘርግታለች። እኔ ግን ሁለቱን እጆቼን ወደ ጀርባዬ መለስኩ። ጎረቤቴ ዞር ብላ የበረንዳውን ምሰሶ አቀፈች። ምሰሶውን እንዳቀፈች ቁጭ አለች፤ እኛም ባለንበት ቆመን አለቀስን።

ያልተናገርኩት

ቀጥሎ ባሉት ቀናት የምንችለውን አደረግን። ምግብ እያበሰልን በተራ በሯ ላይ አስቀመጥን። ማታ ማታ በስልክ ተሰባስበን አጽናናናት። ወደ አገሯ መሄድም አልቻለችም፤ በዚያን ጊዜ ኢትዮጵያ የሚገባ መንገደኛ መጀመሪያ 14 ቀን ተለይቶ መቆየት ነበረበት። ወንድሟ ጋ በደወለች ቁጥር፣ በጥሪው ድምፅ ፋንታ እጅ ስለ መታጠብ የሚናገር ማሳሰቢያ ይቀድም ነበር። “እናቴን ቀብረው የተመለሱ ሰዎችን ድምፅ ለመስማት መጀመሪያ ስለ ሳሙና መስማት አለብኝ” አለችን።

ለሌሎቹ ትመልሳለች። እኔ ስደውል ግን ስልኳን አታነሣም። ከሁለት ሳምንት በላይ እንዲህ ሆነ። አንድ ቀን የሠራሁትን ሽሮ በሯ ላይ አስቀምጬ ስመለስ መስኮቱን ከፈተች።

“አንድ ነገር ልጠይቅሽ” አለችኝ። “ያን ዕለት ምነው ሸሸሽኝ? በሽታ ያለብኝ መስሎሽ ነው?”

ክው አልኩ። ነገሩ ፍጹም ተቃራኒው ነበር። ከመርዶው በፊት በነበረው ሳምንት፣ ከጎኔ ባለው መክፈያ የምትሠራ ባልደረባዬ ታማ ሆስፒታል ገብታለች። እኔ ገና አልተመረመርኩም። አስም እንዳለባት ስለማውቅ የፈራሁት ለእሷ እንጂ ለራሴ አልነበረም። ይህን ሁሉ ከመስኮቱ ሥር ቆሜ ነገርኳት።

ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ “ታዲያ ይህን ያኔ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?” አለች። “አንዲት ቃል እኮ ናት። ‘ለአንቺ ብዬ ነው’ ብትዪኝ ይበቃኝ ነበር።”

መልስ አልነበረኝም። ልጄን ያስተማርኳት ያንኑ ቃል ነበር። በዚያ ማለዳ መራቄ ስሕተት አልነበረም፤ ዛሬም ቢሆን እንደዚያው አደርጋለሁ። የበደልኳት ዝም ብዬ በመራቄ ነው። በእኛ ዘንድ ዝም ብሎ የራቀ ሰው አንድም አኩርፏል፣ አንድም ንቋል፣ አንድም ተጸይፏል። ጎረቤቴ ከሦስቱ አንዱን ገመተች፤ ልትፈረድባት አይገባም።

አርባው

የእናቷን አርባ በጁን ወር መጀመሪያ፣ አሥር ሰው ብቻ ሆነን በመናፈሻ አሰብን። ወንበሮቹን በሁለት የአዋቂ እርምጃ አራራቅናቸው። ቡና በፔርሙዝ ይዘን፣ ሁሉም የራሱን የወረቀት ኩባያ አመጣ። ጭንብሉ ፊታችንን ስለሸፈነው እያንዳንዳችን ፊት ለፊቷ ቆመን፣ ስማችንን ተናግረን፣ እጃችንን ደረታችን ላይ አድርገን ዝቅ አልን።

ተራዬ ሲደርስ “እኔ ነኝ” አልኳት። “ባቅፍሽ ደስ ይለኝ ነበር። የማልቀርበው ለአንቺ ብዬ ነው። ዕዳ አለብኝ፤ እከፍላለሁ።”

በጭንብሉ ውስጥ ፈገግ ማለቷን ከዓይኗ አወቅሁ። ዕዳዬን የከፈልኩት በ2021 የጸደይ ወቅት፣ ሁለታችንም ከተከተብን በኋላ ነው። በዚያው በረንዳ፣ በዚያው ምሰሶ አጠገብ ተቃቅፈን እንደ አዲስ አለቀስን። “ዘገየሽ” አለችኝ። እውነቷን ነው።

ከሩቅ ስንሆን ምን እንበል?

ያ ጊዜ አልፏል። ሆኖም ጉንፋን በየዓመቱ ይመጣል፤ ሕፃን ያለበት ቤት፣ የታመመ ሰው ያለበት ቤት እንሄዳለን። አሁንም ከሰው መራቅ የሚገባበት ቀን አለ። ስለዚህ አማርኛ ለምትማሩ ልጆች የምመክራችሁ ይህን ነው።

አንደኛ፣ ምክንያታችሁን ቶሎ ተናገሩ። ሰውየው እጁን ከመዘርጋቱ በፊት “ጉንፋን ይዞኛል፤ እንዳላስይዝዎ ብዬ ነው” በሉ። “እንዳላስይዝዎ” የምትለው ቃል ረዘም ትላለች፤ ግን ተለማመዷት። በሽታው ከእኔ ወደ እርስዎ እንዳይሄድ ተጠንቅቄያለሁ የሚለው ሐሳብ ሁሉ በእሷ ውስጥ አለ። ለእኩያችሁ ሴት “እንዳላስይዝሽ”፣ ለወንድ “እንዳላስይዝህ” ትላላችሁ።

ሁለተኛ፣ ሰውነታችሁም ይናገር። ቀኝ እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አድርጋችሁ ዝቅ በሉ። ይህ ከኮሮና ጋር የመጣ አይደለም። አማርኛ “እጅ መንሣት” የሚል የቆየ አነጋገር አለው፤ ዝቅ ብሎ በአክብሮት ሰላም ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ጥያቄውን አታሳጥሩ። መሳሳሙ ሲቀር ቃሉ መርዘም አለበት። “እንዴት ነዎት? ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰብ ደህና ነው? ልጆች ደህና ናቸው?” እያላችሁ ጠይቁ። መልሱ “እግዚአብሔር ይመስገን” ወይም “አልሐምዱሊላህ” ቢሆንም ጥያቄው አይቁም። ብዙ ጊዜ መጠየቅ እዚህ አገር እንግዳ ሊመስል ይችላል፤ በእኛ ዘንድ ግን መቅረብ ነው።

አራተኛ፣ ሐዘን ቤት ስትሄዱ ለሴት “እግዚአብሔር ያጽናሽ”፣ ለወንድ “ያጽናህ”፣ ለትልቅ ሰው “ያጽናዎት” በሉ። ማቀፍ ካልቻላችሁ ማቀፍ እንደምትፈልጉ ተናገሩ።

መጀመሪያ ላይ ሁሉም ሰው “ማኅበራዊ ርቀት” ይል ነበር። ኋላ ግን የዓለም ጤና ድርጅት “አካላዊ ርቀት” ማለትን መረጠ። የሚራራቀው አካል እንጂ ማኅበሩ አይደለምና። እኔ ይህን ልዩነት የተማርኩት ከጎረቤቴ ነው።

ባለፈው ክረምት ልጄ ኃይለኛ ሳል ይዟት ነበር። አሁን አድጋለች፤ ከእኔ ትረዝማለች። ጎረቤታችን ቡና ልትጠጣ ስትመጣ ልጄ ከሶፋው ብድግ አለችና ወደ ግድግዳው ጠጋ ብላ ቆመች። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ “እትዬ፣ እንዳላስይዝዎ ብዬ ነው” አለቻት።

ጎረቤቴ ዞር ብላ አየችኝ። “ይቺስ ቶሎ ተናገረች” አለችና ሳቀች።