ሞተር ሚስ ሲያደርግ፤ ስለ ምርመራው ሥርዓት

ሊቃውንት ከሚቈጥሯቸው ከአራቱ ባሕርያት ሁለቱ፥ ነፋስና እሳት፥ በጠባብ የብረት ቤት ውስጥ በየቅጽበቱ ካልተገናኙ የቤንዚን ሞተር አይዞርም። ለዚህም ሦስት ነገሮች ሊሟሉለት ይገባል፤ እነርሱም በልክ የተቀላቀለ ነፋስና ቤንዚን፥ ድብልቁን አጥብቆ የሚጨምቅ ፒስተን፥ ጊዜውን ጠብቆ የሚፈነጠቅ ብልጭታ ናቸው። ከሦስቱ አንዱ የጐደለ እንደ ሆነ፥ ወደ ሲሊንደሩ የገባው ቤንዚን ሳይነድ፥ ወይም በከፊል ብቻ ነዶ በማርሚታው በኩል ይወጣል፤ መኪናው ይንቀጠቀጣል፥ ጉልበቱም ይደክማል። መካኒኮቻችን «ሞተሩ ሚስ ያደርጋል» የሚሉት ይህንኑ ነው። ይህን የመሰለው ጉድለት አብዛኛውን ጊዜ የሚጠገነው በግምት መሆኑ ያሳዝናል፤ ዛሬ ካንዴላ፥ ነገ ቦቢና፥ ከነገ ወዲያ የቤንዚን ፓምፕ እየተገዛ፥ የባለ መኪናው ገንዘብ ሲያልቅ ጉድለቱ እንደ ነበረ ይገኛል። ነገር ግን ዕቃ ከመለወጥ አስቀድሞ ምክንያቱን መርምሮ ማወቅ ይቻላል፤ የምርመራውም መንገድ ከጥቂት የፊዚክስ ሕግጋት የሚመነጭ ነው።

ጀርመናዊው ኒኮላውስ ኦቶ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1876 ዓ.ም. ሠርቶ ባሳየው ሥርዓት፥ ፒስተኑ ሲስብ፥ ሲጨምቅ፥ ሲገፋና ሲያስወጣ የሞተሩ ዘንግ ሁለት ጊዜ ይዞራል። ስለዚህ ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር እያንዳንዱ ሲሊንደር በሴኮንድ 25 ጊዜ፥ ባለ አራት ሲሊንደሩ ሞተር በጠቅላላው 100 ጊዜ እሳት ይፈልጋል። ይህን የሚያበጀው ቦቢናው ነው፤ ከባትሪው የተቀበለውን 12 ቮልት ወደ ብዙ ሺህ ቮልት አሳድጎ፥ በካንዴላው ጫፍ ባለችው፥ አንድ ሚሊሜትር ገደማ በሆነችው ክፍተት ላይ ያዘልለዋል።

መርማሪው ኮፈኑን ከመክፈቱ በፊት ሊጠይቅ የሚገባው፥ ጉድለቱ በምን ጊዜ እንደሚታይ ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1889 ዓ.ም. ፍሪድሪኽ ፓሽን የተባለው የፊዚክስ ሊቅ እንዳስረዳው፥ ብልጭታ በጋዝ መካከል ለማለፍ የሚያስፈልገው የቮልት መጠን በጋዙ ግፊትና በክፍተቱ ስፋት ይወሰናል፤ በሞተር ውስጥ እንዳለው ባለ ጽኑዕ ግፊትም ጋዙ ይበልጥ በታመቀ ቍጥር ብልጭታው ይቸገራል። መኪናው ቆሞ በሚኒሞ ሲሠራ ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው ነፋስ ጥቂት ነውና፥ የደከመ ቦቢና ወይም ክፍተቱ በአገልግሎት የሰፋ ካንዴላ እንኳ እንደ ምንም ይወጣዋል። ያው መኪና ተሳፋሪ ጭኖ የእንጦጦን ዳገት ሲያያዘውና ነጂው ነዳጁን ሲረግጥ ግን ሲሊንደሩ በነፋስ ይሞላል፥ ግፊቱ ይበረታል፥ ብልጭታውም መሻገሪያ ያጣል። በዳገት ብቻ ሚስ የሚያደርግ ሞተር ከሁሉ በፊት የእሳት ክፍሉ ሊመረመርለት ይገባል ማለት ነው። በሚኒሞ ተንቀጥቅጦ ፍጥነት ሲጨምር የሚረጋጋው ደግሞ በተሰነጠቀ የጎማ ቱቦ ወይም በላላ ጋርኒሲዮን በኩል ያልተለካ ነፋስ እንደሚያስገባ ያስጠረጥራል። የቤንዚንና የነፋስ ትክክለኛ ልክ በክብደት አንድ እጅ ለ14.7 እጅ ሲሆን፥ ሾልኮ የገባው ነፋስ በሚኒሞ ጊዜ ከጠቅላላው ጉልህ ድርሻ ይይዛል፤ በፍጥነት ጊዜ ግን ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

በኮምፒዩተር የሚታዘዙ መኪናዎች የትኛው ሲሊንደር እንደ ጐደለ ራሳቸው ይናገራሉ። የሚያውቁበትም ዘዴ እጅግ የሚያስደንቅ ነው፤ ሴንሰሩ እሳቱን አያይም፥ ከሞተሩ ዘንግ ጋር የሚዞረውን ጥርሳም ክብ ብረት ብቻ ይቈጥራል። እያንዳንዱ ፍንዳታ ዘንጉን በጥቂቱ ስለሚያፈጥነው፥ አንዱ ሳይነድ ሲያልፍ ጥርሶቹ ለዐይን በማይታይ ረቂቅ መጠን ይዘገያሉ፤ ኮምፒዩተሩም ይህን መዘግየት መዝግቦ፥ ለምሳሌ ሦስተኛው ሲሊንደር ከሆነ፥ ፒ0303 የሚለውን ኮድ ይሰጣል። ይሁንና ኮዱ ቦታውን እንጂ ምክንያቱን አይገልጥምና፥ እርሱን አንብቦ ወደ ዕቃ መሸጫ መሮጥ ከግምት አይሻልም።

ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ ቦቢና ባለው ቶዮታ ኮሮላ ላይ ምክንያቱን ማግኘት አንድ ሳንቲም አያስወጣም። ሞተሩን አጥፍቶ የሦስተኛውን ቦቢና ከአንደኛው ጋር ማለዋወጥ፥ ኮዱንም ደምስሶ መኪናውን መንዳት ነው፤ ኮዱ ወደ አንደኛው ሲሊንደር ከተዛወረ ጥፋተኛው ቦቢናው ነው፤ በሦስተኛው ከጸና ካንዴላው በተመሳሳይ መንገድ ይፈተናል፥ ከዚያም ቤንዚኑን የሚረጨው ኢንጀክተር። ሞተሩ እየሠራ ሳለ የቦቢና ገመድ በእጅ መንቀል አንዳንዶች የለመዱት ነገር ቢሆንም፥ ለሰውም ለኮምፒዩተሩም አደገኛ ስለ ሆነ መቅረት አለበት።

የወጣውን ካንዴላ በብርሃን ፊት ይዞ በጥሞና መመልከት ይገባል። ጫፉ ነጣ ያለ ቡናማ ከሆነ ቃጠሎው ጤናማ ነበር። ደረቅ ጥላሸት ከሸፈነው ቤንዚኑ በዝቷል፤ ዘይት ካረጠበው ከፒስተኑ ፋሻ ወይም ከቫልቩ በኩል ዘይት ይገባል፤ ቤንዚን ብቻ የሚሸት እርጥበት ካለበት ነዳጁ ደርሶ እሳቱ ቀርቷል። ከሸክላው ላይ ከላይ ወደ ታች የወረደች፥ በእርሳስ የተሰመረች የምትመስል ጥቁር መስመር የታየች እንደ ሆነ፥ ብልጭታው በክፍተቱ መዝለልን ትቶ በዚያች መስመር ወደ ብረቱ ሲያመልጥ ኖሯል።

እሳቱም ነዳጁም ደኅና ሆነው ሲገኙ የሚቀረው የመጨመቅ ኃይል መለካት ነው፤ በዚህ ስፍራ የደጋ መካኒክ ሊጠነቀቅ ይገባዋል። በባሕር ጠረፍ ለሚሠራ ሰው የተጻፈ መጽሐፍ 12 ባር የሚለው ሞተር፥ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ባለችው በአዲስ አበባ፥ የነፋሱ ግፊት ወደ ሦስት አራተኛ ዝቅ ስለሚል፥ ምንም ጉዳት ሳይኖርበት 9 ባር ያህል ብቻ ያሳያል። ስለዚህ ሲሊንደሮቹን እርስ በርሳቸው ማነጻጸር ይሻላል። አንዱ ብቻ ቢያንስ በእርሱ ውስጥ ጥቂት ዘይት አፍስሶ እንደ ገና መለካት ነው፤ ግፊቱ ከጨመረ ፋሻው አልቋል፥ ካልጨመረ ቫልቩ ወይም የቴስታታው ጋርኒሲዮን ይጠረጠራል፤ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከወደቁ አብዛኛውን ጊዜ በመካከላቸው የተቃጠለው ጋርኒሲዮን ነው።

በመንገድ ላይ ሳሉ የቼክ ኢንጂን መብራት ብልጭ ድርግም ካለ፥ ያልነደደው ቤንዚን በጭስ መውጫው መስመር ባለው ካታሊቲክ ኮንቨርተር ውስጥ እየነደደ፥ እንደ ማር እንጀራ የተበሳሳውን የውስጥ ሸክላ ለማቅለጥ ደርሷል፤ እግርዎን ከነዳጁ አንሥተው፥ ከተቻለም መኪናውን አቁመው ያስጐትቱ። ጋራዥ በደረሱም ጊዜ፥ መካኒኩ ዕቃ እንዲገዛ ገንዘብ ከመስጠትዎ በፊት፥ የወጣውን ካንዴላ እንዲያሳይዎና የአራቱንም ሲሊንደር የግፊት ልክ በወረቀት ጽፎ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ።