ያለ ውሃ ቀለም መንከር ይቻላል?

ዛሬ በሳይንስ አምዳችን የበግ ፀጉርን ማለትም ሱፍን ያለ ውሃ ቀለም ስለ መንከር ላጫውታችሁ ነው።

በተለመደው መንገድ ሱፍ ቀለም የሚነከረው በውሃ ተቀቅሎ ነው። ሱፉ ያልያዘው ቀለም ከውሃው ጋር ይደፋል። ውሃው ሳይጣራ ከተለቀቀ ወንዝ ይበክላል። ከወንዙ የሚጠጡ ሰዎችና ከብቶችም ይጎዳሉ። ታዲያ በውሃ ፋንታ ምን ይሻላል? ሳይንቲስቶች ያገኙት መልስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው! ስንተነፍስ የምናስወጣው፣ አምቦ ውሃን የሚያስፎክተው ጋዝ ማለት ነው።

ጋዝ እንዴት ቀለም ይነክራል ትሉ ይሆናል። ቁስ አካል ጠጣር፣ ፈሳሽና ጋዝ እንደሚሆን ተምረናል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን ከ31 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሲሞቅና ከከባቢ አየር ግፊት ከ73 እጥፍ በላይ ሲታመቅ ፈሳሽም ጋዝም አይደለም። ያኔ ሱፐርክሪቲካል ይባላል። እንደ ፈሳሽ ቀለም ያሟሟል፣ እንደ ጋዝ ደግሞ ጠባብ ቀዳዳ ውስጥ ሁሉ ይገባል።

አሠራሩ እንዲህ ነው፦

1. ክሩና የቀለሙ ዱቄት ወፍራም የብረት ማሽን ውስጥ ይገባሉ።
2. ጋዙ ታምቆና ሞቆ ቀለሙን ያሟሟል፣ ወደ ክሩም ውስጥ ያስገባዋል።
3. ግፊቱ ሲቀንስ ተመልሶ ጋዝ ይሆናል። ክሩ ደረቅ ሆኖ ይወጣል፣ የተረፈው ቀለም ዱቄት ሆኖ ይቀራል። ጋዙም ተሰብስቦ እንደገና ይሠራበታል።

ይህ ዘዴ ጀርመን ውስጥ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ተጀመረ። በኋላም ዳይኩ የተባለ የሆላንድ ኩባንያ ማሽኑን ለፋብሪካ ሠራ። ግን የሚነክረው ፖሊስተርን ነው። ሱፍስ?

ሱፍ አስቸጋሪ ነው። እንደ ፀጉራችን ከፕሮቲን ስለተሠራ ከውሃ ጋር ይስማማል። በዚህ ጋዝ የሚሟሟው ቀለም ደግሞ የዘይት ጠባይ አለው። ውሃና ዘይት እንደማይዋሃዱ ታውቃላችሁ። ስለዚህ ቀለሙ ሱፉን አጥብቆ አይዝም፣ ሲታጠብ ይለቃል። ሙቀት እንጨምር ቢባል ሱፉ ይጎዳል፣ ቢጫም ይሆናል። ለዚህ ነው ተመራማሪዎች ከሱፉ ፕሮቲን ጋር በኬሚካል የሚተሳሰር ቀለም የሚሞክሩት። ሱፉን ትንሽ ማርጠብም ይረዳል። ቢሆንም አንድ በርሜል ውሃ ከመድፋት በጣም ይለያል።

እርግጥ ያን ያህል ግፊት የሚችል ማሽን ውድ ነው። እኔ ግን ሳስበው ወንዝ ከቆሸሸ በኋላ ከማጽዳት መጀመሪያውኑ አለማቆሸሽ ይሻላል።

እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ፦ የተነከረው ክር ማድረቂያ የማያስፈልገው ለምንድን ነው? መልሱ ከላይ አለ፣ ፈልጉት። በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ደህና ሁኑ!

ከ7ኛ ክፍል የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል