ኮፈኑን መክፈት የባል ሥራ ብቻ ነውን?

በቤታችን ገንዘብ የምይዘው እኔ ነኝ። ከዓመታት በፊት ባለቤቴ ለአሮጌዋ ኮሮላችን ኩላንት መግዣ ሲጠይቀኝ፣ “የቧንቧ ውኃ እያለ ቀለም የገባበት ውኃ ለምን እንገዛለን?” አልሁት። እሱም ክርክር ስለማይወድ ዝም አለ፤ ራዲያተሩም የቧንቧ ውኃ ሲጠጣ ከረመ።

በሁለተኛው ዓመት ልጆቻችንን ይዘን ወደ ሐዋሳ ስንጓዝ፣ ሞጆን እንዳለፍን የሙቀት መለኪያው ቀዩ ላይ ደረሰ። ቆመን ኮፈኑን ስንከፍት እንፋሎቱ ይንተከተካል። ባለቤቴ የራዲያተሩን ክዳን ሊፈታ እጁን ሲዘረጋ፣ አጠገባችን የቆመ የጭነት መኪና ሾፌር “ተው ወንድሜ፣ ፊትህን ያቃጥልሃል!” ብሎ ጮኸበት። ያ ሰው ባይኖር ኖሮ ምን ይደርስ እንደነበር እስከ ዛሬ ሳስበው ይዘገንነኛል። ጋራዥ ስንደርስ የራዲያተሩ ቧንቧዎች በዝገት ተደፍነው፣ የቴስታታው ጋርኒሲዮንም ተቃጥሎ ተገኘ። የአራት ወር አስቤዛችን በዚያ ሄደ። ባለቤቴ አንድም ቃል አልወቀሰኝም፤ ይቅርታ ለመጠየቅ ግን አንድ ሳምንት ፈጀብኝ።

ከዚያ ወዲህ መካኒካችንን እንደ ተማሪ እየጠየቅሁ ብዙ ተማርሁ። ውኃ በባሕር ወለል ላይ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል፤ በአዲስ አበባ ከፍታ ግን 92 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን ግፊቱን አምቆ በመያዝ ይህን ያሻሽላል፤ ኩላንት ደግሞ የመፍያውን ሙቀት ይበልጥ ከፍ ያደርጋል፣ ዝገትንም ይከላከላል። የቧንቧ ውኃ በማንቆርቆሪያችን ውስጥ የሚተወውን ነጭ ቅርፊት አይታችሁ ይሆናል፤ በሞተሩ ውስጥም እንዲሁ ነው። ያልተበረዘ ኩላንት ከገዛችሁ አብዛኛውን ጊዜ እኩል በእኩል በተጣራ ውኃ ይበረዛል። አረንጓዴ ወይም ቀይ መሆኑ ግን ብዙ አይናገርም፤ የመኪናው መጽሐፍ የሚያዝዘውን ዓይነት ግዙ፣ የተለያዩትንም አትደባልቁ።

እናቶች ሆይ፣ ይህችን ልብ በሉልኝ። አብዛኛው ኩላንት መርዝ ነው፤ ጣዕሙ ደግሞ ጣፋጭ ነው። ትራፊውን በሃይላንድ ጠርሙስ አድርጎ በረንዳ ላይ ማስቀመጥ በብዙ ቤት የተለመደ ነው፤ ሕፃን ደግሞ የመኪና ዕቃ መሆኑን አያውቅም።

የሞተር ዘይትም እንዲሁ በርካሽነቱ አይመረጥም። ጠርሙሱ ላይ 10ደብልዩ-40 ወይም 20ደብልዩ-50 የሚለው የዘይቱን ውፍረት ያመለክታል፤ የመጀመሪያው ቁጥር በብርድ፣ ሁለተኛው ሞተሩ ሲሞቅ ያለውን። የፍሬን ዘይት ደግሞ ከአየር እርጥበት ስለሚስብ ተከፍቶ የከረመውን አትጠቀሙ። ቀለም ላይ ከፈሰሰ ይልጣልና ወዲያው በብዙ ውኃ እጠቡት።

ስለ እጥበት ብዙ አልልም። የልብስ ዱቄት ሳሙና ቅባትን ለማስለቀቅ የተሠራ ስለሆነ የቀለሙን መከላከያ ሰም አብሮ ያነሣል፤ የመኪና ሻምፖ ይሻላል። ጎማ ያጠባችሁበትን ጨርቅ በኮፈኑ ላይ አትጠቀሙ፤ በውስጡ ያለው አሸዋ ቀለሙን ይጭራል። መሪውንና ፔዳሉን በሚያብረቀርቅ ቅባት መወልወልም አደጋ አለው፤ እጅና እግር ያንሸራትታል።

አሁን ቅዳሜ ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ኮፈኑን አብረን እንከፍታለን። እሱ ዘይቱን ይለካል፤ እኔ የኩላንቱን ማጠራቀሚያ አያለሁ። ገንዘብ ሲጠይቀኝም ዋጋውን ሳይሆን ዓይነቱን ነው የምጠይቀው። እሱ ግን ዞር ስል የዱቄት ሳሙናዬን ከነባልዲው ይዞ ወደ መኪናው ሲሄድ እስካሁን እይዘዋለሁ።