ከማልያው ስር ያለው ኮምፒዩተር

ጎል ያስቆጠረው አጥቂ የቢጫ ካርዱ ነገር ግድ ሳይሰጠው ማልያውን አውልቆ ወደ ደጋፊው ይሮጣል። ካሜራው ሲጠጋው ደረቱ ላይ ጥብቅ ያለች አጭር ጥቁር ልብስ ትታያለች። ይሄኔ በዲኤስቲቪ ቤቱ ውስጥ ሳቅ ይፈነዳል። «ጡት ማስያዣ ነው እንዴ የለበሰው?» የሚል አይጠፋም።

ጡት ማስያዣ አይደለም። ልብሷ የተሰራችው ከኋላ፣ በሁለቱ ትከሻዎች መሃል ያለችውን ትንሽ ኪስ እንድትይዝ ነው። ኪሷ ውስጥ ደግሞ በመዳፍ የምትያዝ ኮምፒዩተር አለች። ተጫዋቹ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሮጠ፣ ስንት ጊዜ በሙሉ ኃይሉ እንደተፈተለከ፣ እንዴት እንደቆመና እንደዞረ አንድ በአንድ ትመዘግባለች። ይህን ስራ ወደ ገበያ ካወጡት ቀደምት ድርጅቶች አንዱ በ2006 በአውስትራሊያ ሜልቦርን የተመሰረተው ካታፑልት ነው (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ2015 ደግሞ የእግር ኳስ ህግ አውጪው ኢፋብ ተጫዋቾች መሳሪያውን በጨዋታ ላይም እንዲለብሱት በሩን ከፈተ።

ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን አስፈለገ? ምክንያቱ የሰው ዓይን ስለማይበቃ ነው። አሰልጣኝ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን 20 ተጫዋቾችን በአንድ ጊዜ መከታተል አይችልም። የደከመው ልጅ ደግሞ ቦታውን ላለማጣት ሲል ሲጠየቅ «ደህና ነኝ» ይላል። ከዚያ ቅዳሜ ጨዋታው በተጀመረ በ20ኛው ደቂቃ የኋላ ጭኑን ይዞ ቁጭ ይላል። ሃምስትሪንግ የሚባለው ጡንቻ አንዴ ከተሰነጠቀ ለሳምንታት ከሜዳ ያርቃል። ሳይድን ከተመለሱበት ደግሞ መልሶ ይጎዳል።

ሀብታም ክለቦች መሳሪያውን ከነባለሙያው ይገዛሉ። ገንዘብ የሌለው የሰፈር ቡድንስ? ደስ የሚለው ነገር፣ ውስጧ ያሉት ዋና ዋና ዕቃዎች እጅ ላይ ካለ ሞባይል ውስጥ ካሉት ብዙም የተለዩ አለመሆናቸው ነው። ኤሌክትሮኒክስ የሚወድ ወጣት ለልምምድ የምትሆን አንዲት መሳሪያ ቤቱ ቁጭ ብሎ ሊሰራ ይችላል። ጭንቁ ያለው የትኛውን ዕቃ ልምረጥ የሚለው ላይ ነው።

ሩሌቱን ሊበልጡት የተነሱት

በቤት ተሰርቶ ሰውነት ላይ የዋለው የመጀመሪያው ኮምፒዩተር ታሪክ ለዚህ ምርጫ ጥሩ ትምህርት ነው። በ1960 የኤም አይ ቲ የሂሳብ መምህር የነበረው ኤድዋርድ ቶርፕ እና ታዋቂው ሳይንቲስት ክላውድ ሻነን አንድ ሃሳብ ይዘው ተነሱ። ሃሳቡ የሩሌት ኳስ ስትሽከረከር ፍጥነቷን ለክቶ የምታርፍበትን አካባቢ አስቀድሞ መገመት ነው። 1,500 ዶላር አውጥተው እውነተኛ የሩሌት መጫወቻ ገዙና ሻነን ቤት ተከተው ሰሩ።

የሰሯት ኮምፒዩተር የሲጋራ ፓኮ የምታክል ስትሆን 12 ትራንዚስተሮች ብቻ ነበሯት። አንደኛው ጫማው ውስጥ በተደበቀ ማብሪያ ማጥፊያ በእግር ጣቱ እየተጫነ ኳሷን ይለካል። መልሱ በሬዲዮ ተላልፎ ሌላኛው ጆሮ ውስጥ በድምፅ ይሰማል። በሂሳባቸው መሰረት ከሚያሲዙት 100 ዶላር ላይ 44 ዶላር ትርፍ ይጠበቅ ነበር።

በ1961 ክረምት ላስ ቬጋስ ገብተው ሞከሩት። ሂሳቡ ሰራ፣ ኮምፒዩተሯም ሰራች። ጉድ ያደረጋቸው ሽቦው ነው። ወደ ጆሮ የሚሄደው ፀጉር የመሰለ ሽቦ እየተበጠሰ አላስቀምጥ አላቸው። እንዲያውም አንዴ ከቶርፕ አጠገብ የቆመች ሴት ፊቷ በድንጋጤ ተለወጠ። ለካስ የጆሮ ማዳመጫው እንደ ነፍሳት ከጆሮው ብቅ ብሎ ኖሯል! ሰዎቹ የረቀቀውን ስራ ጨርሰው በቀላሉ ነገር ተሸነፉ። (የኔቫዳ ግዛት በ1985 እንዲህ ያለውን መሳሪያ በካዚኖ መጠቀም በህግ ከልክሏል።)

ከዕቃው በፊት ጥያቄው

እንግዲህ የሰፈሩ ቡድን ምን ማወቅ ነው የሚፈልገው? ልጁ በልምምድ በአጠቃላይ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሮጠ ብቻ ከሆነ ርካሹ የጂፒኤስ መቀበያ በቂ ነው። የፈጣን ሩጫውን ብዛት ማወቅ ከተፈለገ ግን ነገሩ ይለያል። ርካሾቹ ብዙውን ጊዜ ቦታን የሚመዘግቡት በሰከንድ 1 ጊዜ ነው። በሰከንድ 9 ሜትር የሚከንፍ የመስመር ተጫዋች በሁለት ምዝገባዎች መሃል 9 ሜትር ሄዷል ማለት ነው። በዚያ መሃል ተከላካይ አታሎ ቢዞር መሳሪያዋ አላየችም። በሰከንድ 10 ጊዜ የሚመዘግበው ቢመረጥ ግን ክፍተቱ ከ1 ሜትር በታች ይወርዳል።

ጂፒኤስ ዝላይና ግጭትን አያይም። ለዚህ አክስሌሮሜትር የሚባል፣ የፍጥነት ለውጥን የሚለካ ጥፍር የምታክል ዕቃ ይጨመራል። ለመጀመሪያ ስራ ግን ጂፒኤሱን ብቻ አስተካክሎ መጀመርም ነውር የለበትም።

አንጎሉስ? በ2005 ጣሊያን ኢቭሬያ ከተማ የተወለደው አርዱዊኖ ለጀማሪ የታወቀ ነው። ይሁንና ኡኖ የሚባለው ዓይነት 7 በ5 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ ጠረጴዛ ላይ ለመማር እንጂ ጀርባ ላይ ለመሸከም አይመችም። በእሱ ተምሮ ወደ ትንንሾቹ ቦርዶች መሻገር ይሻላል። ልብስ ላይ እንዲሰፋ ታስቦ በ2007 የወጣ ሊሊፓድ የሚባል ዘመድም አለው። ብዙ ሰው የሰራበትን ቦርድ መምረጥ ጥሩ ነው፣ ሲበላሽ የሚጠየቅ ሰው ይገኛልና።

ብዙ ጀማሪ የሚወድቀው መረጃውን በቀጥታ ወደ ሞባይል ልላክ ሲል ነው። ምን አስቸኮለው? የሞባይል ሚሞሪ ካርድ ይበቃል። የ90 ደቂቃ ምዝገባ በሰከንድ 10 ጊዜ ቢሆን እንኳ ጥቂት ሜጋባይት ነው። አሮጌ የ2 ጊጋባይት ካርድ ብዙ ልምምዶችን ያለችግር ይይዛል።

ጀርባ ላይ የሚታሰረው ባትሪ

ባትሪው ላይ ቀልድ የለም። መሳሪያዋ 100 ሚሊ አምፔር የምትጠቀም ከሆነ ባለ 500 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሊቲየም ባትሪ በሂሳብ 5 ሰዓት ያስኬዳል። በተግባር ከዚያ ያነሰ ቢሆንም ለአንድ ልምምድ አያንስም። ትልቅ ባትሪ ትርፉ ክብደት ነው። ዋናው ቁም ነገር ግን ሊቲየም ከተወጋ ወይም ከተጨፈለቀ እሳት ሊያነሳ መቻሉ ነው። ተጫዋች ደግሞ በጀርባው ይወድቃል። ስለዚህ መከላከያ ሰርኪት ያለው ባትሪ፣ ጠርዝ የሌለው ጠንካራ የፕላስቲክ ቤት፣ ዙሪያውን ስፖንጅ ያስፈልጋል። ያበጠ ባትሪ ይጣል፣ «አንድ ቀን ብቻ» አይባልም። ላብ ጨዋማ ውሃ ስለሆነ ቤቱ በደንብ ይታሸግ።

የመሳሪያዋ ቦታ የላይኛው ጀርባ የሆነውም በምክንያት ነው። የጂፒኤስ አንቴና ሰማይ ማየት አለበት፣ ደረት ወይም ወገብ ላይ ቢታሰር ሰውነት ይጋርደዋል። ሽቦዎቹ አጫጭርና የሚተጣጠፉ፣ ብየዳው ጠንካራ ይሁን። የቶርፕና የሻነን ነገር እዚህ ላይ አይረሳም።

ሁሉም ተገጣጥሞ ሲያበቃ ፈተናው ቀላል ነው። 105 በ68 በሆነ ሜዳ ጠርዙን ይዞ አንድ ዙር የሄደ ሰው 346 ሜትር ሄዷል። መሳሪያዋ በየዙሩ ወደዚያ የቀረበ ቁጥር ካላወጣች ገና ናት። ይህን ሳያረጋግጡ «አንተ አልሮጥክም» ብሎ ልጅን ከቋሚ አሰላለፍ ማውጣት ግፍ ነው። ካልተፈተነ ቁጥር የአሰልጣኙ ዓይን ይሻላል።

በኦፊሴል ውድድር ላይስ? እዚያ የሚለበሰው መሳሪያ አደገኛ አለመሆኑ መረጋገጥና የፊፋን የጥራት ምልክት መያዝ አለበት ይላል የጨዋታው ህግ። በቤት የተሰራችው ቦታዋ ልምምድ ሜዳ ነው። የኋላ ጭንን ለጉዳት የሚያጋልጥ ድካም ደግሞ እዚያው ልምምድ ላይም ሊጠራቀም ይችላል። በሳምንቱ ከለመደው በላይ የሮጠው ልጅ ሐሙስ ዕለት ቁጥሩ ታይቶ «ዛሬ እረፍት አድርግ» ከተባለ፣ ቅዳሜ በ20ኛው ደቂቃ የሚቀመጠው እሱ ላይሆን ይችላል።