ሚላያ የሚባለው አንሶላ

«ጠለፈ» የሚለው ግሥ በቋንቋችን ውስጥ ብዙ ደባል ትርጉም ይዞ የሚኖር ነው። ገበሬ ወንዙን ከመሄጃው መልሶ ወደ ማሳው ሲያገባው ውኃውን ጠለፈው ይባላል፤ ትግል የገጠመ ሰው እግሩን አሾልኮ ባላጋራውን ሲዘርረው ጠለፈው ይባላል፤ ጎረምሳ ከውኃ መንገድ ላይ የሰው ልጅ ነጥቆ ሲሄድ፣ ነውርና ወንጀል መሆኑ ሳይቀር፣ ያው ቃል ይነገርበታል፤ መርፌ የያዘች እጅም ፈትሉን በገዛ ቀለበቱ ውስጥ አሾልካ በጨርቅ ላይ አበባ ስታወጣ ጠለፈች እንላለን። በአራቱም ዘንድ ያለው ምሥጢር አንድ ሲሆን፣ እርሱም በቀጥታ መንገዱን ይሄድ የነበረውን ነገር ወጥመድ ጥሎ ማስቀረት ነው። ይህን ያነሣሁት የሰዋስው ክርክር አምሮኝ አይደለም፤ በጋምቤላ ከተማ በአንድ የማንጎ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው አንሶላ ይጠልፉ የነበሩ ባልቴት መርፌያቸውን ሲያዞሩ ባየሁ ጊዜ፣ ለዘመናት ስናገረው የኖርሁት ቃል ከምን እንደ ተወለደ በዓይኔ ያየሁ ስለ መሰለኝ ነው።

አንሶላው ሚላያ ይባላል። በኑዌር ሴቶች ዘንድ፣ ደግሞም ከደቡብ ሱዳን በመጡ የሌሎች ሕዝቦች ሴቶች ዘንድ፣ በእጅ እየተጠለፈ የሚዘጋጅ የአልጋ ልብስ ነው። ጨርቁ ነጭ ወይም አንድ ወጥ ቀለም ያለው ቴትሮን ሲሆን፣ በላዩ ላይ አበቦች፣ ሐረጎች፣ ፊት ለፊት የተያዩ ወፎች፣ ጅራቱን የዘረጋ ጣዎስ፣ አንዳንድ ጊዜም የሰው ስምና የመልካም ምኞት ቃል ይጠለፍበታል፤ ዳርቻውም በኪሮሽ በተሠራ ዳንቴል ይከበባል። አንሶላ ይባል እንጂ ተኝተውበት የሚያድሩት ዕለት ዕለት አይደለም። እንግዳ ሲመጣ ከሳጥን ወጥቶ ይነጠፋል፤ በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቤት ያስጌጣል፤ በበር ላይ ወርዶ መጋረጃ ይሆናል፤ ልጅ ስትዳርም ወደ ጎጆዋ ይዛው ትሄዳለች።

ስሙ ከዐረብኛ የተገኘ ነው፤ በዚያ ቋንቋ የአልጋ መሸፈኛ ማለት ነው። በዚህ የሚደነቅ ደገኛ ቢኖር፣ እርሱ ራሱ «አንሶላ» የሚለውን ቃል ከጣልያኖች «ሌንዙዎሎ» እንደ ተዋሰው ያስታውስ፤ ጨርቅ ከነስሙ የሚጓዝ ዕቃ ነውና፣ ከማን እንደ ገዛነው ምላሳችን ይመሰክርብናል። ጋምቤላም ጨርቅን ከካርቱም በኩል የተቀበለች ከተማ ናት። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር የተዋዋሉት የድንበር ውል፣ በባሮ ዳር ርዝመቱ ከ2,000 ሜትር፣ ስፋቱም ከ400 ሔክታር የማይበልጥ ቦታ ለንግድ ጣቢያ በኪራይ እንዲሰጥ ይፈቅድ ነበር፤ ውሉ የሚጠራው ኢታንግን ቢሆንም ጣቢያው የቆመው ጋምቤላ ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ ክረምት በገባና ባሮ በሞላ ቁጥር የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም ተነሥተው በነጭ ዓባይ፣ ከዚያም በሶባት በኩል ወደ ላይ እየወጡ ጨውና ጨርቅ ያራግፉ፣ የጎሬንና የአካባቢውን ቡና ጭነው ይወርዱ ነበር። ጣቢያው ወደ ኢትዮጵያ የተመለሰው ሱዳን ነጻ በወጣችበት በ1956 እ.ኤ.አ. ነው። መርከቦቹም ዛሬ የሉም፤ ቃሉ ግን ቀርቷል።

በደጋው አገር የጥልፍ ታሪክ ሌላ መልክ አለው። የብሉይ ኪዳን አንባቢ፣ በኦሪት ዘፀአት የደብተራ ኦሪትን ሥራ ከባስልኤል ጋር የተሸከመው ከዳን ነገድ የሆነው ኤልያብ ጠላፊ እንደ ነበረ አይዘነጋም፤ ቤተ ክርስቲያናችንም ይህን ሙያ በካባውና በላንቃው፣ በጥላውና በመጎናጸፊያው ጠብቃ አኑራዋለች። ነገር ግን በጥንቱ ሥርዓት መፍተል የሴት ሲሆን መሸመንና መስፋት የወንድ ነበረና፣ የመኳንንቱን ካባና የወይዛዝርቱን ቀሚስ ያስጌጠው መርፌ በአብዛኛው በወንድ እጅ ላይ የነበረ ነው። የእመቤቶች ጥልፍ ቀሚስ ከአንገቱ ተነሥቶ በደረቱ ላይ እስከ ታች የሚወርድ፣ በሐር ክር የተሞላ ጌጥ ነበረው፤ ከነዚህ አንዱ፣ የአፄ ቴዎድሮስ ባለቤት የእቴጌ ጥሩወርቅ የነበረው፣ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ተወስዶ ዛሬ በለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛል። በባሮ ዳር ግን ጥልፍ ፈጽሞ የሴት ነው፤ የሚያዘውም ጌታ፣ የሚከፍልም መኰንን የለበትም፤ ጠላፊዋ ራሷ ባለቤት ናት። ይህ ልዩነት በሥራው ላይ ይታያል ብዬ አስባለሁ፤ የደጋው ጥልፍ ማዕረግን ለማሳየት ቦታውን ጠብቆ በአንገትና በደረት ላይ ሲሰፍር፣ ሚላያ ግን ሜዳው ሁሉ የእርሱ ነውና ከጥግ እስከ ጥግ ይፈነጫል።

በዚያው የለንደን ሙዚየም ውስጥ ጄን ቦስቶክ የተባለች እንግሊዛዊት እ.ኤ.አ. በ1598 የጠለፈችው አንድ ጨርቅ አለ፤ በእንግሊዝ አገር ዓመቱ ተጽፎባቸው ከሚታወቁት የናሙና ጨርቆች ቀዳሚው እርሱ ነው። የጥልፍ ንድፍ በመጽሐፍ ታትሞ በየቤቱ ባልገባበት ዘመን፣ ጠላፊ ሴት ያየችውን እያንዳንዱን የስፌት ዓይነት እንዳይጠፋባት በአንድ ቁራጭ ጨርቅ ላይ ጥቂት ጥቂት እየሞከረች ታኖረው ነበርና፣ ያ ጨርቅ ማስታወሻ ደብተር ነበረ። ሌላ ወገን ደግሞ አለ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1876ቱ የፊላደልፊያ ኤግዚቢሽን በኋላ፣ በተለይም በ1880ዎቹ፣ የሐርና የከፋይ ቁርጥራጭ ያለ ሥርዓት ገጣጥሞ በየመጋጠሚያው ላይ ጥልፍ እየሰደሩ የአልጋ ልብስ መሥራት እብደት እስኪመስል ድረስ ተስፋፍቶ ነበር፤ ስሙም «እብዱ» ማለት ነበር። እኛ ድሪቶ የምንለው ነው፤ የእኛን ድሪቶ ድህነት ይሰፋዋል፣ የእነርሱን ግን ምቾት ሰፋው፤ መርፌ ግን ለሁለቱም አንድ ነው።

ሚላያ ከሁለቱም ጋር ዝምድና አለው የምልበትን ምክንያት ልናገር። ያን ዕለት በማንጎው ሥር ያየሁት አንሶላ ከሁለት ጨርቅ የተጋጠመ ስለ ነበር መካከሉን ከላይ እስከ ታች የሚከፍል የስፌት ጠባሳ ነበረው፤ ጠባሳው ግን ሊታይ አልቻለም፤ ባልቴቷ በእርሱ ላይ፣ ግራና ቀኝ እየተሻገረ የሚተላለፍ፣ ልክ የባሮን ዓሣ በልተው የጣሉት አጥንት የሚመስል ስፌት በአረንጓዴ ክር አስኪደውበት፣ የሁለት ጨርቅ ድንበር የነበረው የአንድ ተክል ግንድ ሆኖ ቅጠል አብቅሏል። የፊላደልፊያ ወይዛዝርት ድሪቷቸውን ያስጌጡበትም ስፌት ይኸው ነው። ናሙናነቱም፣ አንዲት ሴት ከጎረቤቷ አንሶላ ላይ አንድ የወፍ ክንፍ አይታ ከወደደችው ያንኑ በራሷ አንሶላ ላይ መልሳ ትሠራዋለችና፣ እያንዳንዱ ሚላያ የሚቀጥለው የሚማርበት መጽሐፍ ነው። በለንደን ናሙናው በመስተዋት ውስጥ ተቀምጧል፤ በጋምቤላ ሰው ይተኛበታል።

የስፌቱን ዓይነት ቀረብ ብሎ ላየው ሰው የሁሉም እናት ሰንሰለቱ ነው። መርፌው ከጨርቁ ሥር ይወጣል፤ ክሩ በግራ አውራ ጣት ተይዞ ቀለበት ይሆናል፤ መርፌው ወደ ወጣበት ቀዳዳ ተመልሶ ይገባና ጥቂት ወደ ፊት፣ ከቀለበቱ ውስጥ ብቅ ይላል፤ ሲሳብም ቀለበቱ ይታሰራል። ጠለፈ ማለት ይህ ነው። ቀለበቱን ሳይዘጉ አፉን ከፍተው አንድ ጊዜ ወደ ግራ፣ አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ ቢያጋድሉት ያው ሰንሰለት ላባ ይሆናል፤ የጣዎሱ ጅራት የሚሠራው በዚህ ነው። የአበባው ከንፈር ግን በሙሌት ነው፤ ክሩ ጎን ለጎን፣ አንዱ በሌላው ላይ ሳይወጣ፣ እንደ ተዘረጋ ሣር ይተኛል፤ ይህ ለዓይን ቀላል፣ ለእጅ ከሁሉ የሚከብድ ነው፤ አንዲት ክር ከመስመር ብትወጣ የአበባው ጠርዝ የአይጥ ጥርስ ያገኘው ይመስላል። የአበባው መካከል ደግሞ ክሩን በመርፌው ላይ ሁለት ጊዜ ጠምዝዞ ከወጣበት አጠገብ በመመለስ በሚገኝ ቋጠሮ ይሞላል፤ ነጥብ ነጥብ ሆኖ በጣት ሲዳስሱት ጤፍ የተበተነበት ይመስላል።

ክሩ ስድስት ቀጫጭን ፈትሎች ባንድነት የተኙበት የጥጥ ክር ነው፤ ባልቴቷ ሦስቱን ነጥለው ሦስቱን ወደ ጎን ያኖራሉ፤ ለወፉ ዓይን አንዱን ብቻ ይወስዳሉ። ጥጥ ሆኖ ሳለ እንደ ሐር የሚያብረቀርቀው፣ ጆን መርሰር የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1844 ጥጥን በኮስቲክ ሶዳ ውስጥ የማሳለፍን ብልኃት ስላገኘና ኋላ የመጡትም ክሩን በውጥረት ይዘው ስለ ነከሩት ነው፤ ሐር ለመኳንንት ብቻ የነበረበት ዘመን የተሻረው በአዋጅ ሳይሆን በዚህ በርሜል ውስጥ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ስለ ቀለሙ ስጠይቅ የሰማሁት መልስ ግን ወደ ሌላ ነገር መራኝ። ባልቴቷ ለወፉ ደረት ሁለት ቡናማ ክሮች አጠገብ ለአጠገብ ይዘው ያመዛዝኑ ነበር፤ ለእኔ ሁለቱ አንድ ነበሩ። ለሰላምታ «ማሌ» ብያቸው «ማሌ ሚጓ» ብለው ከመለሱልኝ ወዲህ ነገራችንን ሁሉ የምታስተረጉመው የልጅ ልጃቸው ናትና፣ «እማማን ልዩነቱ ምንድን ነው በይልኝ» አልኋት። ልጅቱ ጠይቃ ሳቀችና፣ «ጋሼ፣ ከብት አያውቅም ወይ ይላሉ» አለችኝ።

ኋላ ነገሩን ሳስበው ልክ ናቸው። ኢቫንስ ፕሪቻርድ የተባለው እንግሊዛዊ የሥነ ሰብእ ሊቅ፣ በኋላም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በዚሁ አገር አኝዋኮችን ይዞ ጣልያንን የወጋው፣ እ.ኤ.አ. በ1940 ስለ ኑዌር ባሳተመው መጽሐፍ ሕዝቡ ለከብት ቀለም ብቻ አሥር ዋና ስሞች እንዳሉት ጽፏል፤ ነጩ ቦር፣ ጥቁሩ ቻር፣ ቡናማው ሉዋል፣ ዳማው ያን ነው፤ እነዚህም ከነጭና ከጥቁር ዥንጉርጉርነት ጋር እየተዋሐዱ በመቶ የሚቆጠር አነጋገር ይወልዳሉ። የእኛስ ገበሬ ቡሬ፣ ቦራ፣ ዳልቻ፣ ወይናማ እያለ በሬውን በመልኩ ይጠራ የለምን? ከልጅነት ጀምሮ መንጋ እየቆጠረ ያደገ ዓይን በሱቅ መደርደሪያ ላይ በተሰለፈ ክር ፊት ሲቆም እንደ እኔ ያለው የጽሕፈት ቤት ሰው «ቡናማ» ብሎ በሚያልፈው ውስጥ ሦስት ላምና አንድ ወይፈን ያያል።

ሚላያ የስደትም ዕቃ ነው። በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. በደቡብ ሱዳን ጦርነት በተነሣ ጊዜ ድንበሩን ተሻግረው ወደ ጋምቤላ ክልል የገቡት ሰዎች ቁጥር ውሎ አድሮ ከ300,000 በላይ ሆነ፤ ኩሌ፣ ቴርኪዲ፣ ጀዊ የተባሉት መጠለያዎች የተቆረቆሩት ለእነዚህ ነው፤ ፑኝዶ ከዚያ አስቀድሞ የነበረ ነው። ሴት ከቤቷ በሩጫ ስትወጣ ሚላያዋን መሬት ላይ ዘርግታ ያላትን ዕቃ በላዩ ጥላ አራቱን ጫፍ ታስራለችና፣ ጌጡ ጓዝ መሸከሚያ ይሆናል፤ ከደረሰችበትም በኋላ ታጥቦ በመጠለያው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። በኡጋንዳ በቢዲ ቢዲ መጠለያ የሚኖሩትም የደቡብ ሱዳን ሴቶች በዚሁ ስም ይህንኑ ሥራ ይሠራሉ። መርፌና ክር ከተገኘ ሥራው ይቀጥላል፤ ለሽያጭም ይጠለፋል፤ ነገር ግን ለሽያጭ የሚጠለፈውና ለልጅ የሚጠለፈው አንድ እንዳልሆነ ለማወቅ ጀርባውን መገልበጥ ይበቃል።

ይህን ከባልቴቷ ተማርሁ። አንሶላውን በሁለት እጄ ይዤ ወፎቹን ሳደንቅ «ፊቱንማ ሁሉ ያያል» አሉ በልጅቱ አፍ፣ ከእጄም ወስደው ገለበጡት። ከኋላው ቋጠሮ አልነበረም፤ የክሩ ጫፍ ሁሉ በገዛ ስፌቱ ሥር ተሸሽጎ ነበር፤ ከአበባ ወደ አበባ የተዘለለ ክር አንድም አልተገኘበትም፤ ወፎቹ በጀርባም ወፎች ነበሩ፣ የሚለዩት ወደ ሌላ አቅጣጫ በመመልከታቸው ብቻ ነበር። ከዚያም ልጅቱ «ጋሼ ይሞክር ይላሉ» አለችና፣ ሁለቱ የእንጨት ክቦች ወጥረው የያዙትን ጨርቅ ከነመርፌው ጭኔ ላይ አኖረችው። እንዳየሁት ክሩን በአውራ ጣቴ ያዝሁ፤ መርፌውን ወደ ወጣበት መለስሁ፤ ቀለበቱን ሳብሁ፤ ሦስት ሰንሰለት ያህል ሠራሁ፤ ሦስቱም ሦስት ዓይነት ነበሩ፤ ሦስተኛው ጨርቁን አጨማደደው። ባልቴቷ ጨርቁን ተቀብለው ወደ ብርሃን አዞሩ፤ ምንም አላሉም፤ በመርፌው ጫፍ ሰንሰለቶቼን አንድ በአንድ ፈቱና ክሩን በጥርሳቸው ቆርጠው፣ ወደ ወፉ ዓይን ተመለሱ።